ቤታችን ላይ ያረፈች ነጥብ

ከአለቃዬ ጋር የተጣላነው በአንዲት መኪና ነው። መኪና ስላችሁ የምታምር እንዳትመስላችሁ፤ ሆዷ ውስጥ የራጅ መሣሪያ የተሸከመች፣ ዳገት ላይ የምታቃስት፣ የኋላ በሯ በገመድ የሚታሰር አሮጌ ናት። ለከተማው ሁሉ ያለችው እሷ ብቻ ናት። አንድ ሰፈር ገብታ ትቆምና የወጪ ወራጁን ሳምባ ታነሣለች፤ ቲቢ የያዘው ሰው ሳይወድቅ፣ ሌላውንም ሳያስይዝ ትደርስበታለች። ታዲያ አንድ ሰፈር ከገባች እስከ ሩብ ዓመቱ መጨረሻ ከዚያ አትነቃነቅም። ሌላው ሰፈር ተራው እስኪደርሰው እየሳለ ይጠብቃል።

የት ትሂድ የሚለው ነገር የሚጀምረው ከእኔ ጠረጴዛ ነው። ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን የቲቢ ሕሙማን መረጃ እሰበስባለሁ፣ አጠራለሁ፣ ከዚያ ካርታ ላይ አወጣዋለሁ። አንድ ሕመምተኛ አንድ ቀይ ነጥብ ነው። ስሙ እኔ ዘንድ አይደርስም፤ ዕድሜው፣ ጾታው፣ የቤት አድራሻው፣ መድኃኒት የጀመረበትና የጨረሰበት ወይም ያቋረጠበት ቀን ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ነጥቦቹ የተጠጋጉበት ሰፈር መኪናዋን ያገኛል። ሲነገር የልጅ ጨዋታ ይመስላል።

ቢሯችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ «መስኮት ክፈቱ፣ ንጹህ አየር ይግባ» የሚል የራሳችን ፖስተር ተለጥፏል፤ መስኮቱ ግን ቀለም ሲቀባ አብሮ ተጣብቆ ቀርቷል፣ የከፈተው ሰው የለም። አለቃችንን «መቶኛ» ነው የምንለው፣ በሌለበት። ያለ በመቶ አፉን አይከፍትም። ሚስቱ ሴት ልጅ ስትወልድ እንኳን ደስ ያለህ ቢሉት «ከዕቅዱ ሃምሳ በመቶ ተሳክቷል» ብሎ መለሰ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ጠልቼው እገላገል ነበር።

በዚያ ሩብ ዓመት ካርታው ሲወጣ ነጥቡ ከተማው ላይ እንደ ፈሰሰ ምስር ተበትኗል። አንድ ሰፈር ብቻ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ የፈትል ፋብሪካው ሰፈር።

«እሰይ!» አለ መቶኛ፣ ከኋላዬ ቆሞ። «ዜሮ! ይኼ ነው ሥራ ማለት። የምስጋና ደብዳቤ ይገባቸዋል።»

«ጌታዬ፣ አንድም ሰው አለመኖሩ አይገርምዎትም?»

«ይገርመኛል እንጂ። ለዚህ እኮ ነው የምናመሰግናቸው።»

እኔን አላስደሰተኝም። ታናሽ ወንድሜ የሚሠራው እዚያ ነው፣ የሚያድረውም እዚያው ነው። ማደሪያቸውን አንድ ጊዜ ብርድ ልብስ ላደርስለት ሄጄ አይቼዋለሁ። ተደራራቢ አልጋ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተሰድሯል፤ የቀኑ ፈረቃ ሲነሣ የሌሊቱ ፈረቃ በዚያው ባልቀዘቀዘው ፍራሽ ላይ ይተኛል። ቀን የሚተኙትን ብርሃን እንቅልፍ እንዳይነሣቸው መስኮቱን በካርቶን ደፍነውታል። የጥጥ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ ሳይቀር ተኝቷል። ሁሉም ይስላሉ፤ «የጥጥ ሳል» ይሉታል፣ ከሥራ ልብሱ ጋር አብሮ የሚታደል ነገር አድርገው ተቀብለውታል። እንዲህ ያለ ቦታ ቲቢ የለም ከተባለ ወይ ተአምር ነው፣ ወይ ውሸት ነው። ተአምር ደግሞ በሩብ ዓመት ሪፖርት ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ ካርታውን አቅርቤ ሰፈር በሰፈር ስፈትሽ የራሴ ሰፈር ላይ ደረስኩ። ከዋናው መንገድ ገባ ብላ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አንዲት ነጥብ ተቀምጣለች። የቤት ቁጥሩን ከፍቼ አየሁት። ዓይኔን አሸሁና ደግሜ አየሁት። የእኛ ቤት ቁጥር ነው። ወንድ፣ ዕድሜው ሃያዎቹ አጋማሽ፣ መድኃኒት የጀመረ፣ ያቋረጠ።

እኔ ልጅ አለኝ፤ ገና ትምህርት ቤት ያልገባች፣ ያገኘችውን ሁሉ አቅፋ የምትስም።

ግቢያችን ውስጥ ሦስት ቤት ነው ያለው፣ ቁጥሩ ግን አንድ ነው። ፊት ለፊት አከራያችን አሮጊቷ ብቻቸውን አሉ። ቀጥሎ እኛ፤ እማዬ፣ እኔና ልጄ። ጓሮ ደግሞ ልብስ ሰፊው። ወንድ የተባለ እሱ ብቻ ነው፤ ሃያዎቹን ከተሰናበተ ቢቆይም ዕድሜውን መደበቅ ማንን ያቅተዋል ብዬ ፈረድኩበት። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ በሩ ላይ ቆምኩ።

«አንተ፣ ሳል አለብህ እንዴ?»

የስፌት መኪናውን አቁሞ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «የለብኝም። ምነው፣ ቀሚስሽ ላይ አገኘሽ?»

አልሳቅኩም። ልጄ ጨርቅ ቁርጥራጭ ለመልቀም እግሩ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ እጇን ይዤ እየጎተትኩ ወጣሁ፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ አልኳት። ሰውዬው የተሰደበው ገብቶታል፤ ለምን እንደተሰደበ ግን አልገባውም። እማዬ ከደጃችን ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «ሰውዬውን ተዪው፣ ምን አደረገሽ» አለችና ፊቷን አዙራ ገባች። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። እማዬ እኮ ነገር ሰምታ ሳትጠይቅ የምታልፍ ሴት አይደለችም።

እሑድ ወንድሜ መጣ። እንደ ወትሮው ከበሩ አጠገብ፣ ነፋሱ ላይ ተቀመጠ። ልጄ ልትጠመጠምበት ስትሮጥ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከሩቅ ያዛት፤ ጭንቅላቷን ዳበስ አድርጎ መለሳት። ባዶ እጁን ስለመጣ አፍሮ ይመስለኝ ነበር፣ ስንት ጊዜ እንዲህ ሲያደርግ። አሁን ግን ዓይኔ ተከፍቷል። ቀበቶው ላይ በምስማር የበሳው አዲስ ቀዳዳ አለ፤ አንገቱ ሸሚዙ ውስጥ ይዋልላል።

«የት ነው አድራሻህ?» አልኩት።

«የምን አድራሻ?»

«ጤና ጣቢያ የሰጠኸው።»

እማዬን አያት። አስተያየቱ ቁርጡን ነገረኝ።

«እኔ ነኝ ስጥ ያልኩት» አለች እማዬ። «ምን ይሁን ታዲያ? መድኃኒት ሲጀምሩ ከነማን ጋር ነው የምትኖሩት ብለው ቤት ድረስ ይመጣሉ። ማደሪያው ድረስ ቢመጡበት በማግሥቱ ከበር ነው የሚመልሱት። ፋብሪካው ጉልበት እንጂ ሳል አይቀጥርም።»

«ሁላችንም እንዲሁ ነው የምናደርገው፣ እትዬ» አለ ወንድሜ፣ ቀስ ብሎ። «አንዱ የአክስቱን ቤት ይሰጣል፣ አንዱ የአማቱን። ዘመድ የሌለው የጓደኛውን ዘመድ ይዋሳል።»

«ሁላችንም ማለት?»

«እንጃ። እኛ መደዳ ላይ ካለነው መድኃኒት ያልጀመረውን መቁጠር ይቀላል።»

ነጩ ሰፈር ገባኝ። እዚያ የሚታመሙት ሰዎች ነጥባቸውን በየዘመዱ ቤት አስቀምጠው፣ ራሳቸው ግን ካርቶን በተደፈነው ክፍል ውስጥ አብረው ይተነፍሳሉ። እኛ ደግሞ የቤት ለቤት ሠራተኞቻችንን የአክስቶችን ሳምባ እንዲያዳምጡ እንልካለን። የእኛም ቤት መጥተው ነበር፤ እማዬ ወንበር ሰጥታ፣ ውኃ አቅርባ፣ ቤቱ ንጹህ ነው የሚያስል የለም አስብላ ሸኝታቸዋለች። እኔ ቢሮ ሆኜ።

«ለኔ እንዴት አትነግሪኝም?» አልኳት።

«ላንቺ መንገር ለቢሮሽ መንገር ነው ብዬ ነዋ።»

ከሁሉም ያመመኝ ይኼ ነው። የሰው ሁሉ በሽታ ሳሳድድ የራሴ እናት ሸሽታኛለች።

«ለምን አቋረጥክ?» አልኩት።

«ፈረቃ ለወጡብን። ክኒኑ የሚዋጠው ጠዋት ነርሷ ፊት ቆሞ ነው፤ ጠዋት ደግሞ ማሽን ላይ ነኝ። አለቃዬን ምን ብዬ ላስፈቅደው? ጤና ጣቢያውስ የት ነው የምትሠራው ቢለኝ?» ሳለ፤ አፉን በክርኑ ሸፍኖ ብዙ ሳለ። «ስሜ እንዳይነሣ፣ እትዬ። በሞቴ።»

እንዲህ አልኩት፦ «ስምህ አይነሣም። መኪናዋን ማደሪያችሁ በር ላይ አስቆማታለሁ። ሁላችሁም በአንድ ቀን ትታያላችሁ፣ መድኃኒቱም እዚያው ይመጣላችኋል። ሁላችሁንም አያባርሩም፤ ማሽኑን ማን ያዞርላቸዋል? መኪናዋን ስታያት እንዳትደበቅ ብቻ። ቀድመህ ተሰለፍ።»

«እሺ» አለኝ። ወንድሜ እሺ ሲለኝ ከልጅነቱ ጀምሮ አምኖኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት መቶኛ ፊት ቆምኩ። መኪናዋ ወደ ፈትል ፋብሪካው ትሂድ ስለው ሳቀ። «ዜሮ ወዳለበት? የበላይ አካል ቢጠይቀኝ ምን ልበል? ማስረጃ አምጪና እንነጋገር።»

ማስረጃዬ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ የሚያስል ልጅ ነው። አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት።

ወደ ወንበሬ ተመልሼ ካርታውን ዘጋሁት። ካርታው አድራሻ ነው የሚያውቀው፣ አድራሻው ደግሞ ውሸት ነው። ሰዎቹ መዋሸት ያልቻሉት ምኑን ነው? ቀኑን። መድኃኒት ያቋረጡትን ሁሉ ለብቻ አውጥቼ በሰፈር ሳይሆን በቀን ደረደርኳቸው። በካርታው ላይ ከተማው ዳርና ዳር የተበተኑ ወጣቶች ባንድ ሳምንት ተጠራቅመው ተገኙ። ወንድሜም አለበት። ፈረቃው የተለወጠበት ሳምንት ነው። በሰጡት አድራሻ ሁሉ ደግሞ የቤት ለቤት ሠራተኞቻችን አንድ የሚያስል ዘመድ አላገኙም።

ለመቶኛ አሳየሁት። «እነዚህ ሰዎች በአድራሻቸው አይተዋወቁም። ባንድ ሳምንት መድኃኒት ለማቆም የት ተገናኝተው ተማከሩ? ያን ሳምንት ፈትል ፋብሪካው ፈረቃ ለውጧል።»

መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። «ስንት በመቶ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ለመጀመሪያ ጊዜ በመቶ ሳይጨርስ የተወውን ዓረፍተ ነገር ሰማሁ። «ትሂድ» አለ።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደረጃውን ስወርድ ለብቻዬ እየሳቅኩ ነበር፤ ጥበቃው ደመወዝ ተጨመረላችሁ እንዴ ብሎኛል።

ነገር የተበላሸው በደብዳቤው ነው። የእኛ ቢሮ ሳያሳውቅ የሰው ግቢ አይገባም። ሳናሳውቅ እንሂድ ብዬ ለመንኩት፤ «ፖሊስ ነን እንዴ እኛ? ወግ አለው» አለኝ። ከልቡ ነው፣ አክብሮት መስሎታል። እንዲያውም ሥራውን ለማቅለል ብሎ በእጁ አንድ መስመር ጨመረበት፦ «በተለይም ሳል ያለባቸው ሠራተኞች ተለይተው እንዲዘጋጁልን በትሕትና እንጠይቃለን።»

አነበብኩት። ምንም አልታየኝም፤ ጥሩ መስመር መሰለኝ።

የተባለው ቀን ከሾፌሩና ከራጅ ባለሙያው ጋር ሄድኩ። ግቢው ተጠርጎ ውኃ ተረጭቶበታል። ሠራተኞቹ የታጠበ ጋዋን ለብሰው ተሰልፈዋል። የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊው እጃችንን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ለጤና ቅድሚያ እንሰጣለን፣ ደብዳቤያችሁን እንዳገኘን ተዘጋጀን አለን። ሳምባቸው በየተራ ተነሣ። ንጹህ። የሚቀጥለውም ንጹህ። ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እንዲህ ያለ ጤነኛ ሕዝብ ዓይቼ አላውቅም፤ ከነሱ እኔ ብሰለፍ ይሻላል» እያለ ያስቃቸዋል።

እኔ ወንድሜን ሰልፉ ውስጥ እፈልገዋለሁ። የለም። ማደሪያውን ልየው አልኩ። ካርቶኑ ተነሥቶ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ወለሉ ይሸታል፣ መድኃኒት ረጭተውበታል። አልጋው ግን ግማሹ ሽቦ ብቻ ነው። ወንድሜ የሚተኛባት በመስኮቱ በኩል ያለችው የላይኛዋ፣ ፍራሽም የላት።

«የነዚህ ባለቤቶች የት ሄዱ?»

«የዓመት ፈቃድ ላይ ናቸው» አለኝ ኃላፊው። ፊቱ እንኳ አልተለወጠም።

የታችኛው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

ቤት ስደርስ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ነው፤ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ አጠገቡ አስቀምጦታል።

«በር ላይ ለዩን» አለኝ። «ራጅ የምታነሣ መኪና ልትመጣ ነው፣ የምታስሉ በዚህ በኩል አሉን። ሌሎቹ ሲያመነቱ እኔ ቀድሜ ሄድኩ፤ አይዟችሁ፣ ደህና ሰው ነው የላካት አልኳቸው። ተከተሉኝ። መታወቂያችንን ተቀብለው በኋላ በር አስወጡን።»

ተቆጥቶ ቢሆን በወደድኩ። አልተቆጣም፤ እንደተነገረው ማድረጉን ነው የሚነግረኝ።

«ጓደኞችህስ?»

«ወደየአገራቸው ተሳፈሩ። ምን ይሁኑ እዚህ?»

አውቶቡሶቹን አሰብኩ፣ የተዘጉ መስኮቶቻቸውን፣ መድረሻቸው ላይ ያሉትን ሕፃናት የሞሉባቸውን ቤቶች። የትኛው ካርታ ላይ እንደሚወጡ አላውቅም፤ የእኔ ላይ ግን አይደለም።

መቶኛ ሪፖርቱን ፈረመ፤ ፋብሪካው ንጹህ መሆኑ በራጅ ተረጋገጠ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። ስም ሳላነሣ፣ ደብዳቤያችን የሚያስሉትን እንደ ወንፊት ለይቶ እንዳስባረራቸው ፊት ለፊት ነገርኩት። «እኔ እኮ እንዲታከሙ ነው የጻፍኩት» አለ። የደብዳቤውን ግልባጭ አውጥቶ፣ ያቺን መስመር ጣቱን አኑሮባት፣ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ አየሁት። ወደ የበላይ ሄዶ አመለከተም፤ ማስረጃችሁ የት አለ ብለው መለሱት። ፋብሪካው ንጹህ ነው ስለተባለ መኪናዋ የሩብ ዓመቱን መጨረሻ ሳትጠብቅ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደች።

ወንድሜ መድኃኒቱን እንደገና ጀመረ፤ አሁን ፈረቃ የለበትም፣ ጠዋት ጠዋት እኔው ነኝ የምወስደው። ግን ዘገየን። በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶታል አሉን፤ ሌላ ዓይነት አመጡለት፤ ጆሮውን ያዘው፣ ሆዱ አልቀበል አለ። ልብስ ሰፊው አንድ ቀን ሳንጠራው መጣ። ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል መጋረጃ ሰፍቶልን ነው፤ ለልጅቷ ብሎ፣ ከቀለም ቀለም የተቀጣጠለ። ዓይኔን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። «ይቅር በለኝ» ብለው «ለምኑ? ሳል አለብህ ስላልሽኝ? ሳሉ ቀርቶ ባለትዳር ነህ ወይ ብሎ እንኳ የጠየቀኝ የለም» አለኝ። ወንድሜ ከመጋረጃው ወዲያ ሲስቅ ሰማሁት። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ።

ዝናቡ ሳይጀምር ሞተ። እማዬ እጁን ይዛ ነበር።

ሩብ ዓመቱ ሲዘጋ እንደ ወጉ መረጃውን ማጥራት ነበረብኝ። ያንን ሳምንት ያቋረጡትን አወጣኋቸው። የሁሉም አድራሻ ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፣ የማንንም ማስተካከል ግን አልቻልኩም፤ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። የአንዱ ብቻ መስተካከል አላስፈለገውም። ወንድ፣ ሃያዎቹ አጋማሽ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። «አቋርጧል» የሚለውን አጥፍቼ «ሞቷል» ብዬ ሞላሁት። እጄ ታዘዘልኝ፤ የገረመኝም እሱ ነው።

እማዬ ያን ካርታ አምጥተሽ አሳዪኝ ካለችኝ ሰንብታ ነበር። አትሜ ወሰድኩላት። ጭኗ ላይ ዘርግታ መንገዱን በጣቷ ተከተለች፤ ወፍጮ ቤቱን አሳየኋት፣ ቀጥላ ራሷ አገኘችው። ጣቷን ነጥቧ ላይ አኖረች።

«ያኔ ውሸት ነበር» አለች። «አሁን እውነት ሆነ። ልጄ ቤቱ ነው የሞተው።»

ከዚያ ጣቷ እየሄደ እየሄደ ነጩ ላይ ደረሰ።

«እዚህስ? እዚህ ለምን ምንም የለም?»

«ፋብሪካው ነው፣ እማዬ» አልኳት። «እዚያ የሚታመም ሰው የለም።»